የአዳማን ነፋስ የሚችለው የትኛው ነው? ለጥላ በረንዳ የሚንጠለጠሉ ተክሎች ንጽጽር

በጋ ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ጫፉ የነደደ ፈርን፣ ወለሉ ላይ የረገፈ ቅጠል፣ ከስሩ «ምን ላድርገው?» የሚል ጥያቄ። ምንም አታድርጉት፣ አልቆለታል። አዳማ ውስጥ ጥላ ያለው ክፍት በረንዳ ካላችሁ ስፓይደር ፕላንት አንጠልጥሉ፤ ያ ቀጭን ቅጠል ያለውና ጫፉ ላይ ልጅ የሚሠራ ረጅም ክር የሚያወጣው ተክል ነው። መልሴ ይኸው ነው፤ ለሁሉም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደዛ እንደምልና ገንዘባችሁ የት የት እንደሚበላ ነው።

ጥላ በረንዳ ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ፀሐይ ነው። እዚህ ከተማ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ነፋስ ነው። ኮረብታው ላይ የሚዞሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለጌጥ አልቆሙም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። ያንን ሁሉ የሚያዞር ነፋስ በረንዳችሁ ላይ ያለችውን ፖት አይምርም። መሬት ላይ የተቀመጠ ተክልን ቢያንስ ግድግዳ ይከልለዋል። የተንጠለጠለው ግን ከአራቱም አቅጣጫ ይመታል፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው።

ፈርኑ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሸጥ ግን ያምራል፣ አልክድም። ለምለም፣ ወፍራም፣ ፖቱን የሸፈነ። የአክስቴ ልጅ ለልጇ ምርቃት ስድስት ገዛች። አንዱ 700 ብር ከነፖቱ፣ ተከራክራ። በምርቃቱ ፎቶ ላይ በጣም ያምራሉ። ጥር ላይ ግን በረንዳው የተንጠለጠለ ድርቆሽ ሆነ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ጠዋት ማታ ታጠጣ ነበር። ፈርን የሚፈልገው እርጥብ አፈር ብቻ ሳይሆን እርጥብ አየርም ነው። የአዳማን የበጋ አየር ደግሞ በጆግ ማርጠብ አይቻልም። ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ፣ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ፈርን ከሰው በላይ ተመችቶት ሲኖር አይቻለሁ። የሐዋሳ ዘመዶቻችሁን በረንዳ አይታችሁ አትግዙ።

ሻጩ ደግሞ ስለ ነፋስ አይነግራችሁም። «የኔ እህት፣ ጥላ ነው የሚወደው» ብሎ ዝም ይላል። ውሸት አልተናገረም፤ ግማሹን ነው የነገራችሁ። አንዳንዱ ደግሞ «አየር ያጸዳል፣ ናሳ ያረጋገጠው ነው» ይላል። ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ፣ እውነት ነው። ግን ሙከራው የተሠራው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው። ክፍት በረንዳ ላይ ምኑን ነው የሚያጸዳው? ለዚህ ብላችሁ 100 ብር እንዳትጨምሩ።

ሁለተኛው አማራጭ መኒ ፕላንት ነው፣ ፖቶስ የሚሉትም አሉ። ይህን አላጥላላውም። ጥላ ይችላል፣ ውሃ ቢዘገይበትም ይታገሳል፣ ረጅም ሆኖ ሲወርድ ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ጥላው ከበዛ ቢጫና ነጭ ጣል ጣል ያለበት ቅጠል ቀስ በቀስ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። «ባለ ቀለም» ተብሎ የተጨመረባችሁ 150 ብር በዓመቱ የለም ማለት ነው። ሌላው፣ ቅጠሉን ያኘከ ልጅ፣ ድመት ወይም በግ አፉን ያቃጥለዋል። ለበዓል የመጣ በግ በረንዳ ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ነው የምናገረው።

መኒ ፕላንት ላይ ማጭበርበርም በዝቷል። ከትልቅ ተክል አራት አምስት ቅርንጫፍ ይቆረጥና ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ይሰካል። በማግስቱ «የደረሰ» ተብሎ 250 ብር ይጠራል። ስር የለውም። ዘንጉን ከታች ይዛችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። ስር የያዘ ተክል ከነአፈሩ አብሮ ይነሳል፣ ያልያዘው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሻጩ «ተይ አትንኪው» ብሎ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል። ቅጠሉ ከሚገባው በላይ ካብለጨለጨም ተጠንቀቁ፤ ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ገልብጡና ስሩንም እዩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት፣ ቤት ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

ሐምራዊ መስመር ያለበትን ትራዴስካንሺያ በአጭሩ ልለፈው። ርካሽ ነው፣ በ80 ብር ይገኛል። ግን ዘንጉ ተሰባሪ ነው፣ የእኛ ነፋስ ይቀነጥሰዋል። በከባድ ጥላ ደግሞ ቀለሙም ይደበዝዛል። ፔቱንያና ጄራኒየምን ለጥላ የሚሸጥላችሁ ካለ ዝም ብላችሁ እለፉ። አበባው ሲሸጥ ያለው ነው፤ ፀሐይ ካላገኘ ሌላ አያወጣም።

አርቴፊሻሉስ? «አይሞትም» ብሎ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ዘለላ 850 ብር ነው ያሉኝ፣ ዶላሩ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ ለመወደድ ሰበብ አለው። አይሞትም፣ ግን አቧራ ይለብሳል። የአዳማ አቧራ በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም። ማጠብ አለባችሁ። ስታጥቡት ቅጠሉ ከዘንጉ ይወልቃል፣ ከዚያ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ይጀመራል። ሕይወት ለሌለው ነገር ይህን ያህል አገልጋይ መሆን አይገባኝም።

አሁን ወደ ስፓይደሩ። ይህ ተክል የአፍሪካችን ልጅ ነው፣ ድርቅ ያውቃል። አፈሩን ቆፍራችሁ ስሩን ብታዩት ወፈር ወፈር ያለ ነጭ ነገር አለው። ውሃ የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ቧንቧው ሳይመጣ ቢሰነብት ፈርኑ ሲሰናበት ይህ ትንሽ ዘመም ብሎ ይጠብቃችኋል። ቅጠሉ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ነፋሱን አይገጥመውም፣ አብሮት ይወዛወዛል። ድመትም ልጅም ቢያኝከው መርዝ የለውም።

ዋናው ጥቅሙ ግን ዋጋው ነው። እናቲቱ ከጎለመሰች ረጅም ክር ታወጣለች። ክሩ ጫፍ ላይ ልጆች ይሠራሉ። ልጁን ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ላይ አስቀምጡት፣ ሌላ ተክል ነው። ስለዚህ ስድስት ቦታ አለኝ ብላችሁ ስድስት አትግዙ። ክር ያወጡ ሁለት እናቶች ግዙ። እኔ በጠየቅኩበት ጊዜ ትንሹ በፕላስቲክ 120፣ ክር ያወጣው 150 ብር ነበር። ለ30 ብር ብላችሁ ትንሹን እንዳትወስዱ፣ ብዙ ወር ትጠብቃላችሁ።

አንድ ነውር አለበት፣ አልደብቅም። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህም ብዙ ፎቶ ይላክልኛል። አንዱ ምክንያት ደረቅ አየር ነው። ሌላው ውሃው ነው፤ ስፓይደር ፍሎራይድ አይወድም። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሞልቷል። ወንጂ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው የሚበልዘው በዚሁ ነው። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የከተማው የቧንቧ ውሃ ይሻላል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን የክረምቱን የጣሪያ ውሃ በበርሜል ያዙለት። በርሜሉን ክደኑ፣ አለበለዚያ ለወባ ትንኝ ነው የምታጠራቅሙት። ከፖቱ ስር የምታደርጉትን ሰሃንም እንዲሁ ድፉት። የነደደውን ጫፍ በመቀስ ቅርጽ አስይዛችሁ ቁረጡት። ተክሉ አይሞትም፤ ጫፉ ብቻ ነው የሚያስጠላው።

ከተክሉ በላይ የሚያናድደኝ ፖቱ ነው። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጠንከር ያለው፣ 450 ብር። ሌላው እሱን አስመስሎ የተሠራው ስስ ፕላስቲክ፣ 180 ብር። ከሩቅ አንድ ናቸው። ስሱን በሁለት ጣት ጫን ስትሉት ይሰረጉዳል። የሚሰበረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስቱ ማንጠልጠያዎች ከላይ የሚገናኙበት መንጠቆ። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክረው ይላላና አንድ ሌሊት ጧ ይላል። ቢሆንም እኔ የምገዛው ስሱን ነው። የፕላስቲክ መንጠቆውን አውጥቼ እጥለዋለሁ። የፖቱን ጠርዝ በጋለ ሚስማር ሦስት ቦታ እበሳና የማይዝገውን ነጭ ሽቦ አስገባለሁ። ሽቦው ለአንድ ፖት 20 ብር አይሞላም። 250 ብር ቀረልኝ፣ ከ450ውም የበለጠ ይቆያል። ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ ግን አትጠቀሙ፣ ዝገቱ ወለሉን ያበላሻል። ሲባጎም አይሆንም፣ ውሃ ሲጠጣ ይበሰብሳል። ማክራሜ የሚሉት በገመድ የተሠራው ማንጠልጠያ ያምራል፣ 400 ብር ካላችሁ የናንተ ጉዳይ ነው። የታችኛው ቀዳዳ መኖሩንም እዩ፤ ከሌለ በዚያው ሚስማር ብሱት።

ከላይ ያለው መንጠቆ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። የቺፕውድ ኮርኒስ ላይ መንጠቆ የሚያጠልቁ ሰዎች አሉ። ውሃ የጠጣ ፖት ስንት ኪሎ እንደሆነ አንሥታችሁ እዩት። መንጠቆው ኮርኒሱን የያዘውን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ማግኘት አለበት፤ በጣት እያንኳኳችሁ ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ፈልጉ። ሶሌታ (ኮንክሪት) ከሆነ በድሪል በስቶ መንጠቆውን የሚይዝ ፊሸር ማስገባት ነው። ተከራይ ሆናችሁ አከራዩ «ግድግዳዬ አይበሳም» ካሉ ብየዳ ቤት ሂዱ። ባለ 8 ፌሮ በኤስ ቅርጽ ያጥፉላችሁ፣ የበረንዳው ብረት ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ 70 ብር ነው ያስከፈሉኝ። ቁርጥራጭ ፌሮ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን የጉልበቱን ብቻ ነው።

ክብደቱን ለመቀነስ አፈሩን ቀይሩ። ከተክሉ ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ብሎኬት ይሆናል። ብሎኬት ካልኩ አይቀር፣ እዚህ አካባቢ ብሎኬት የሚሠሩበት ፑሚስ ለፖት ግሩም ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ አይተኛበትም። ዱቄቱን ነፍታችሁ ጣሉ፣ ጠጠሩን ያዙ። አንድ እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ። የእኔ ሁሉም ነገር ተጠቃሎ 150 ብር ወጣ፣ ለስድስት ፖት በቅቶ ተርፏል።

እንግዲህ እንደምረው። ስድስት ፈርን በ700፣ 4,200 ብር። መንጠቆ 420። ድምር 4,620፣ ግማሹ በበጋ ቢሞት ደግሞ ሌላ 2,100። በስፓይደሩ በኩል ሁለት እናት 300፣ ስድስት ስስ ፖት 1,080፣ ሽቦ 120፣ መንጠቆ 420፣ አፈር 150። ድምር 2,070 ብር፣ ቢሞትም የሚተካው ልጅ እዚያው ተንጠልጥሏል። የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ቀለም ከቀባችሁት ደግሞ የፖቱንም 1,080 አጥፉት።

ከመግዛታችሁ በፊት በረንዳችሁ እውነት ጥላ መሆኑን አረጋግጡ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በክረምት ጥላ የነበረ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በበጋ ፀሐይ ይገባዋል። ወደ ምዕራብ ከዞረ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ9 ሰዓት በኋላ ይጠበሳል። እንደዚያ ከሆነ ፖቱን ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ሳቡት። ስፓይደር ብርሃን ይወዳል፣ የቀጥታ የከሰዓት ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያነጣዋል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም «ፈርን ካልሆነ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ራሷ ዘንድሮም እያየች ነው። እሺ፣ አንድ ግዙ። በረንዳ ላይ ሳይሆን መስኮት ያለው ሻወር ቤት ውስጥ አድርጉት፣ እንፋሎቱ ይስማማዋል። ለምርቃትና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን አትግዙ፣ ዋጋው ይሰቀላል። የምርቃቱ ሰሞን ካለፈ በኋላ ዝናብ ሲበዛና ገዢ ሲጠፋ ሂዱ፣ ከ500 ብር በላይም አትክፈሉ። ባጃጅ ውስጥ ስትይዙት ደግሞ በሩ በኩል አታድርጉት፣ ቤት ሳይደርስ ነፋሱ ይጨርሰዋል።