ሪፐርን ለባንዳችን ሪኮርድ ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ፦ ድምፃችንን ያወፈረው ምንድነው?

እዚህ አዲስ አበባ ቤቱ ቁጭ ብሎ የባንድ ሙዚቃ ሪኮርድ ለሚያደርግ ሰው ከሪፐር የተሻለ ሶፍትዌር እስካሁን አልገጠመኝም፣ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረው፣ እና ይህን የምለው ውስጡ ያሉት ፕለጊኖች (ድምፁን የሚቀይሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ስላማለሉኝ አይደለም። በነዚህ ወራት አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፣ የባንድ ሪኮርድ የሚወፍረው ኢፌክት ሲከመርበት ሳይሆን ሰው ሲደረብበት ነው፣ ማለቴ ያው ተጫዋች ደጋግሞ ሲጫወትና ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ ሲሰጠው። ሪፐር ለዚህ አይነት ስራ እጃችሁን አይዝም።

ስለ ሶፍትዌሩ ራሱ ቶሎ ልበልና ልለፍ። የሚሰራው ኮኮስ የሚባል ድርጅት ነው፣ ከጀርባው ያለው ጀስቲን ፍራንከል ነው፣ ዊናምፕ የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የሰራው ሰውዬ። ለዊንዶውስ የሚወርደው ፋይል 20 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። 60 ቀን ሙሉ ያለ ገደብ ትሞክሩታላችሁ፣ ከዛ ለግለሰብና ለአነስተኛ ስራ 60 ዶላር ነው፣ ገቢው በዓመት ከ20,000 ዶላር ለሚያልፍ ድርጅት 225። ቨርዥን 7ን የገዛ ሰው 8ንም ሳይጨምር ይጠቀማል። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር እህቴ ከአሜሪካ ከፈለችልኝ።

አሁን ወደ ባንዱ። ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ አንድ ሳክስፎን እና ድምፃዊት ነን፣ ያለን ዕቃ ሁለት ግብዓት ያለው ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ)፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ዳይናሚክ ማይክ፣ በቃ። ስለዚህ ሁሉም በየተራ ነው የሚገባው። መድረክ ላይ ስንጫወት ቤቱ የሚሞላው ባንድ ሪኮርድ ላይ የሚቀጥነው ለምን እንደሆነ ካሰባችሁት ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ መድረክ ላይ ጆሮ የሚሰማው መሳሪያውን ብቻ አይደለም፣ ከግድግዳው የሚመለሰውን፣ ከግራና ከቀኝ የሚመጣውን፣ የተሰብሳቢውን ጭብጨባ ሁሉ ነው፣ በማይክ ቀርባችሁ አንድ በአንድ ስትቀዱት ግን ያ ሁሉ ይጠፋና ሁሉም መሀል ላይ ተደራርቦ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የሰራነው ሳክሱን ነው። የድሮዎቹን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፅ የሚወድ ሰው ያ ሙላት ከነፋስ መሳሪያዎቹ መደራረብ እንደሚመጣ ያውቃል፣ እኛ ደግሞ ያለን አንድ ልጅ ነው። ያደረግነው ዋናውን ዜማ ተጫወተ፣ ከዛ ያንኑ እንደገና ከማይኩ ራቅ ብሎ፣ ከዛ ሁለተኛ ድምፅ ዞር ብሎ ግድግዳውን እያየ፣ ከዛ ታችኛውን በቴነር (ዋናውን በአልቶ ነበር)። አንዱን መሀል፣ ሌሎቹን ግራና ቀኝ ስናደርጋቸው የሳክስ ክፍል ሆነ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ቴክ (አንድ ጊዜ ተጫውቶ የተቀዳውን) ኮፒ አድርጎ ሌላ ትራክ ላይ በመለጠፍ ነው፣ ያ የሚያደርገው ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ፍፁም አንድ ስለሆኑ ጆሮ ሁለት ሰው ብሎ አይቀበለውም። ሁለተኛው ቴክ ላይ ያለችው ጥቂት መዘግየት፣ ትንሽ የትንፋሽ ልዩነት፣ ውፍረቱ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን አቤይ ሮድ ውስጥ ኬን ታውንሰንድ የሚባል ኢንጂነር ቢትልሶች ድምፃቸውን ሁለቴ መዝፈን ስለሰለቻቸው በቴፕ ማሽን የሚደርብ ዘዴ ፈጥሮላቸው ነበር፣ እሱም ቢሆን ሁለተኛውን ቅጂ ትንሽ እያዘገየና እያወዛወዘ ነው የሚሰራው። ከኛም ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮንን በሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በድራም ማሽን ላይ ደራርቦ ሙሉ ካሴት ሰርቷል፣ አንድ ሰው መሆኑን እያወቅክ እንኳን ስትሰማው ባንድ ነው የሚመስልህ።

ለዚህ ስራ ሪፐር ላይ የምወደው ከቨርዥን 7 ጀምሮ ያለው የሌን አሰራር ነው፣ ቴኮቹ በአንድ ትራክ ስር ተደርድረው ይታያሉ፣ የምትፈልጉትን ቁራጭ በማውስ ጎትታችሁ ትመርጣላችሁ፣ ሳክሲስቱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይቺን ከዚህ ያችን ከዛ እያለ በደቂቃ ጨርሰነው እንሄዳለን።

ተቀባዮቹ ላይ ደግሞ ይሄው ዘዴ ከሁሉም በላይ ሰራ። የኛ ሙዚቃ ያለ ተቀባይ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ እልልታ ምን ይሆናል? ሶስት ሆነን በማይኩ ዙሪያ ቆመን ዘፈንን፣ ከዛ ቦታ ተቀያየርን፣ ከዛ ወደኋላ ሄድን፣ ከዛ አንዱ ወፍራም ድምፅ አንዱ ቀጭን ድምፅ ይዞ ደገመው፣ ራቅ ብለው የተቀዱት ከኋላ ስለሚሰሙ ያለ ምንም ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ጥልቀት መጣ። ጭብጨባውንም እንደዛው። ሁሉንም በአንድ ፎልደር ትራክ ስር አስገብቶ በአንድ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) መቆጣጠር ይቻላል፣ ሪፐር ላይ ትራክ ትራክ ነው፣ ባስ (የብዙ ትራክ መሰብሰቢያ) ትሉት ፎልደር ትሉት አይነቱ አይለያይም።

ሪቨርቡን በተመለከተ ደግሞ እኔ የምኮራበት ነገር አለ፣ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ። ባዶ ኮንክሪት ነው፣ ከላይ እስከ ታች ያስተጋባል፣ የድሮ ስቱዲዮዎች ኢኮ ቻምበር ብለው ለብቻ ክፍል የሚሰሩለትን ነገር እኛ በነፃ አግኝተናል። ጎረቤት አስፈቅደን ቀን ላይ ፊኛ አፈነዳንና በኮንደንሰሩ ቀዳነው፣ ያቺን ፍንዳታ ሪያቨርብ የሚባለው የሪፐር የራሱ ፕለጊን ውስጥ ስትጭኗት ማንኛውም ትራክ ደረጃው ላይ የተጫወተ ይመስላል። ማሲንቆው በሱ ውስጥ ሲያልፍ የምር ፀጉሬ ነው የቆመው። ከድምፃዊቷ ጋር ስትጠቀሙት ግን ሪቨርቡ 20 ወይም 30 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንዲነሳ አድርጉት፣ ያኔ ቃሉ ፊት ለፊት ይቀራል፣ ግጥሙ ይሰማል፣ ግጥሙ ካልተሰማ ደግሞ ለኛ አድማጭ ዘፈኑ የለም።

ከበሮውን በሁለት ማይክ ነው የቀዳነው፣ ዳይናሚኩ ሰፊው አፍ ላይ ኮንደንሰሩ ጠባቡ ላይ፣ ከዛ ሁለቱን ወደ ሌላ ትራክ ልኬ እዛ ላይ ሪያኮምፕን (የሪፐር ኮምፕረሰር፣ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው) በጣም አጥብቄ ጨፍልቄው ከስር በትንሹ ቀላቀልኩት፣ ዋናው ምቱ እንዳለ ሆኖ ከኋላው ክብደት ይገባል። ልኩን ለማወቅ የተጨፈለቀውን ትራክ ዝጉትና ክፈቱት፣ ሲዘጋ የሆነ ነገር እንደጎደለ ከተሰማችሁ፣ ሲከፈት ግን ለይታችሁ ካልሰማችሁት ልክ ነው። ሪፐር የፕለጊኖቹን መዘግየት ራሱ ስለሚያስተካክል ሁለቱ አይጋጩም። ክራሩን ደግሞ ከላዩ ከተለጠፈው ፒካፕና ከማይክ አንድ ላይ ቀዳነው፣ ፒካፑ የጣቱን ምት ማይኩ የእንጨቱንና የቆዳውን ድምፅ ይሰጣል፣ ግን ድምፅ በአየር 34 ሴንቲሜትር ለመሄድ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ማይኩ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ሞገዶቹን አጉልታችሁ አይታችሁ የማይኩን ትራክ ቀደም እንዲል ትንሽ ወደ ግራ ካልሳባችሁት ሁለቱ ሲደመሩ ክራሩ ይከሳል።

ሰዓት ላይ ጠንከር ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ችክችካን ግሪድ (ምቱን እኩል የሚከፋፍለው የስክሪኑ መስመር) ላይ አትሰኩት። በ6/8 ተቆጥሮ ይፃፋል፣ ግን ከበሮ መቺው ውስጡ የሚያደርጋት መሳብና መግፋት ናት ትከሻን የምታንቀሳቅሰው፣ ኳንታይዝ ስታደርጉት (ምቶቹን ግሪዱ ላይ ስትሰበስቧቸው) እስክስታው ይሞታል። ሪፐር ላይ ግሪዱን ራሱን ከበሮውን እንዲከተል ማድረግ ይቻላል፣ ወይም ዘፈኑ መጨረሻ ላይ እየፈጠነ የሚሄድ ከሆነ የቴምፖውን መስመር ቀስ እያለ እንዲወጣ ትስሉና ሜትሮኖሙ አብሮ ይፈጥናል፣ እኛ ለሞቅታ ዘፈኖች የምንጠቀመው ይሄንን ነው። ድምፅ ማስተካከያውም እንደዛ ነው። ሪያቱን (የሪፐር የኖታ ማረሚያ ፕለጊን) ላይ የሚፈቀዱትን ኖታዎች መምረጥ ይቻላል፣ ለምሳሌ አንቺሆዬ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ብቻ ትተዋላችሁ፣ ግን እርማቱን አፍጥናችሁ ከለቀቃችሁት ቅላፄው ይላጫል፣ ድምፃዊቷ በሁለት ኖታ መሀል የምትሄድባት መንገድ ትጠፋለች። እኔ ሙሉ ዘፈን ላይ አውቶማቲክ እርማት አላደርግም፣ ማሲንቆ ላይ ደግሞ በፍፁም።

ከጄኔሬተርና ከመስመሩ የሚመጣውን እምምም የሚል ድምፅ (መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ እና 100ና 150 ላይም ይደግማል) ሪያፈር የሚባለው የሪፐር ፕለጊን በሰብትራክት (መቀነሻ) ሞድ ጥሩ ያነሳዋል፣ ባዶውን ድምፅ ትንሽ አስሰምታችሁት ይማረውና ይቀንሰዋል፣ ሲበዛ ግን ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የማይመቸው ነገርም አለ። የራሱ የመሳሪያ ሳውንድ ስብስብ ይዞ አይመጣም፣ ዲዛይኑም ደረቅ ነው፣ ሜኑው ብዙ ከመሆኑ የተነሳ መጀመሪያ ላይ የምትፈልጉት ነገር የት እንዳለ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። በኮምፒውተር ሳውንድ ቢት ብቻ ለሚሰራ ሰው ሌላ ነው የምመክረው። ሰው ለሚቀዳ ግን ይሄ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል፣ ትራክ ከበዛ ፍሪዝ ማድረግ (ኮምፒውተሩን እንዳያደክም ትራኩን ከነኢፌክቱ ወደ ድምፅ ፋይል መቀየር) ነው። ቦታ አዘጋጁ ግን፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ እንደኛ ከደራረባችሁ አንድ ዘፈን ከጊጋ ያልፋል።

ሚክስ ስትጨርሱ ማስተሩ (ሁሉም ትራክ የሚወጣበት) ላይ ያለችውን፣ ግራና ቀኙን አንድ የምታደርገውን የሞኖ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሰው የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነው፣ በታክሲ ውስጥ ነው፣ ግራና ቀኝ የበተናችሁት ሳክስ ሞኖ ሲሆን ከጠፋ አንዱን ቴክ እንደገና ቅዱት። ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ እኔ ፕለጊን አልገዛም፣ ሁለተኛ ኮንደንሰር ማይክ ነው የምገዛው፣ ተቀባዮቹን ደረጃው ላይ አቁሜ በስቴሪዮ ልቀዳቸው ስለምፈልግ።