የኢንተርኔት ካርታ ለምታሠሩ፦ ደሴ ላይ ጎበዝ ባለሙያ አለች

ማኅበራችን ኩታበርና ተሁለደሬ ውስጥ ያሉ ምንጮችንና የእጅ ፓምፖችን ይከታተላል። የቱ ይሠራል፣ የቱ ተበላሽቷል የሚለውን ማንም በስልኩ እንዲያይ ካርታ አሠርተን ነበር። መጀመሪያ የሠራው ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ ሲያሳየን ያምራል። እኛ ስንከፍተው ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ! ገንዘባችንም ጊዜያችንም ቀረ።

ከዚያ ይህችን እህታችንን አገኘናት። ችግሩን ወዲያው አወቀችው፤ ካርታው የሚጠራው ሠሪው ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን ሰርቨር (መረጃውን የሚያቀብለውን) ነበር። ላፕቶፑ ከሌለ ካርታም የለም።

ሥራ ሳትጀምር የጠየቀችን “ማን ነው የሚከፍተው? በምን ስልክ? ኔትወርኩስ እንዴት ነው?” ብላ ነው። ቀጥላ መረጃችንን አጠራችው። የድሮ መዝገባችን የተያዘው አዲንዳን በሚባለው ነባር የካርታ መነሻ (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መሠረት) ነው፤ የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳይታረቁ ከተቀላቀሉ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። በእኛ ተራራ 200 ሜትር ማለት ምንጩ ገደል ማዶ ተሻገረ ማለት ነው። አንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ኬንትሮሱና ኬክሮሱ ተገላብጦ ጣሊያን አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር። እሱንም አንድ በአንድ አስተካከለች።

የካርታውን መደብ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የዓለም ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ወሰደች። መረጃው ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ነፃ ነው፤ እሷም ጥግ ላይ ጽፋዋለች። የእነሱን ሰርቨር ግን አልተጠቀመችም። በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር ስለሆነ ብዙ ጫና የሚያመጣን ሊዘጉ ይችላሉ። የኢንተርኔት ካርታ ከትናንሽ የሥዕል ቁራጮች ነው የሚገጣጠመው፤ ዙም በአንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ቁራጮቹ በ4 ይባዛሉ። ስለዚህ ፋይሉ እንዳይበዛ የወሎን ብቻ ቆርጣ ፒኤምታይልስ በሚባል አንድ ፋይል እኛው ሰርቨር ላይ አስቀመጠችው። ስልኩ የሚያወርደው የምናየውን ክፍል ብቻ ነው። ፓኬጅ ለሚቆጥብ የገጠር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ ግን ጥንቃቄዋ ነው። ለሙከራ አንድ ካርታ፣ ለሕዝብ አንድ ካርታ፣ ለየብቻ አዘጋጀች። ማንኛውም ለውጥ መጀመሪያ ሙከራው ላይ ይገባል፤ በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ሲከፈት ካላየች ወደ ሕዝቡ አታሳልፈውም። የዌብሳይቱን አድራሻ በማኅበሩ ስም አስመዘገበች፣ የይለፍ ቃሉን አስረከበች፣ ፓምፕ ሲበላሽ ሠራተኛችን ራሱ ካርታው ላይ እንዲያስተካክል አሠለጠነችው።

ዋጋዋ ርካሽ አይደለም። ግን መጀመሪያ ከነገረችን አንድ ብር አልጨመረችም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ያቆይሽ! ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያላችሁ፣ ካርታ የምታሠሩ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ስትደውሉ ካርታውን ማን እንደሚጠቀምበት አስባችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።