ለክረምቱ የሽርሽር ፓኬጅ ብር ከመላካችሁ በፊት

የድሬና የሐረር ልጆች፣ ለእረፍት ከአዲስ አበባ የምትመጡም ጭምር፣ ይህችን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዘዋወር የጉዞ ማስታወቂያ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ገጠር፣ ጓደኛና አዲስ ሙዚቃ ይላል። ለአንድ ሰው 9,500 ብር ነው፤ ሙሉውን አስቀድሞ በቴሌብር። የአዘጋጆቹን ስም አልጽፍም። ተመሳሳይ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሌሎችም ስላሉ፣ የሆነውን ብነግራችሁ ይሻላል።

ከጓደኞቼ ጋር ሐምሌ ላይ ሄድን። ቃል የተገባልን ኮስተር ነበር፤ ድሬ ከዚራ ሰፈር የመጣልን ግን ሚኒባስ ነው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን የደንገጎን ዳገት ወጣን። ሐሮማያ ሐይቅ ዳር ወርደን ፎቶ ተነሳንና ወዲያው «ግቡ» ተባልን። ለካ ያቺ ፎቶ የአንድ ቀን ጉብኝት ሆና ተቆጥራለች! ኮረሚ፣ ያ የሚያምር የአርጎባ የድንጋይ መንደር፣ «መንገዱ ጭቃ ነው» ተብሎ ቀረ። ክረምት ላይ ጭቃ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ብር ከመቀበላቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባ ነበር።

ፖስተሩ ላይ ትልቅ ዝሆን አለ። ከሥሩ «ባቢሌ፣ ግማሽ ቀን» ይላል። የባቢሌ ዝሆኖች የሚውሉት በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ነው። ከስካውት (ከዱር እንስሳት ጠባቂ) ጋር በእግር መግባት ይጠይቃል፤ ገብታችሁም ላታገኟቸው ትችላላችሁ። በግማሽ ቀን አሳያችኋለሁ የሚል ሰው ወይ ቦታውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። እኛን ዳካታ ሸለቆ ወስደው መለሱን። ድንጋዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ቆመው ሲታዩ በእውነት ያስደንቃሉ። ግን የጅግጅጋው አስፋልት መሃል ለመሃል ስለሚያልፍ በሕዝብ መኪናም ይታያሉ።

እኔን በጣም ያናደደኝ ሙዚቃው ነው። ፖስተሩ ላይ የድሬ ልጆች ባንድ ፎቶ ነበር። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ አዳዲስ ዘፈን የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቻችን የሄድነው ለእነሱ ስንል ነው። ማታ ስንደርስ ያገኘነው የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሞንታርቦና ፍላሽ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዷ ድምፃዊውን ታውቀው ስለነበር ደወለችለት። ማንም አላናገራቸውም። ፎቶውን አዘጋጆቹ ከባንዱ ገጽ ነው ያነሱት። እነዚህ ልጆች የስቱዲዮ ኪራይ በስንት መከራ አጠራቅመው ነው አንድ ዘፈን የሚቀዱት፤ በእነሱ ፎቶ ሌላው ብር ሰበሰበበት።

ከብሩ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ ካምፑ ነው። ድንኳናችንን ያስተከሉን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ድሬ ያደገ ሰው ይህን አያደርግም። እዚህ ጠብ ሳይል ላይኛው አገር ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ግመል እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት አይተውን፣ «ልጆቼ፣ በደንገጎ በኩል ጠቁሯል፣ ተነሱ» አሉን። አስጎብኚው «ችግር የለም» እያለ ነበር። እኛ ነቅለን ዳገቱ ላይ ወጣን። ሊነጋጋ ሲል አሸዋው በውሃ ተሸፍኖ ነበር። እኚያን አባት አላህ ይስጥልን።

ብራችንን ስንጠይቅ «ጉዞው ተካሂዷል» አሉን። ደረሰኝ አልሰጡንም። ብሩም የገባው በግለሰብ ስም ነው፤ ቴሌብር ላይ የሚወጣው ስም የድርጅት ካልሆነ እዚያው ቁሙ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ ነው። መሄድ ከፈለጋችሁ የንግድ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ የት እንደምታድሩ በጽሑፍ አስይዙ፣ ባንዱንም ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ግማሹን ክፍያ ከጉዞው በኋላ አድርጉት። አይሆንም ካሉ ይቅርባችሁ አቦ፤ ኮረሚን ከሐረር መኪና ተከራይቶ ከጓደኛ ጋር መሄድ ይቻላል።

ለነሐሴው ዙር ተመዝግባችሁ ገና ያልከፈላችሁ፣ አትክፈሉ። የከፈላችሁ ደግሞ የቴሌብሩን መልእክትና ፖስተሩን ዛሬውኑ ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ፤ የእኛን ፖስተር ቅሬታ ስናቀርብ አጥፍተውታል። እኛ አቤቱታችንን ይዘን ንግድ ቢሮ እየሄድን ነው። ማስረጃ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናስገባዋለን።