«በውሃ ኮዳ አልቀዳም» ያሉኝ የበረኪና ሱቅ

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሱቋ ታፔላ የላትም። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነች። ድልድዩን ተሻግራችሁ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። ካላገኛችሁት ባጃጅ ሹፌሩን «በረኪና ቤት» በሉት፣ ያደርሳችኋል። በረኪና፣ ላርጎ፣ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ መወልወያ፣ ጓንት ይሸጣሉ። ፈሳሹን በሊትር ነው የሚቀዱት፣ ታሽጎ ከሚሸጠው ዋጋው ረከስ ይላል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ባለቤቷ አበሳጭተውኝ ነበር። እንደማንኛውም ሰው ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዤ ነው የሄድኩት። እትዬ (ሰፈርተኛው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚላቸው) ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «በዚህ አልቀዳም» አሉ።

«ለምን?»

«ውሃ ይጠጣበታል።»

በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ዕቃው የራሴ፣ ገንዘቡ የራሴ፣ እርስዎ ምን አገባዎት ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴን ስለሚያህሉ ዋጥኩት። ወጥቼ ከሌላ ሱቅ፣ ስሙን ተዉት፣ ሁለቱንም ሃይላንድ አስሞልቼ ቤቴ ገባሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም ፈጣን መስተንግዶ ብዬ ተደስቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ውሃ ይሸታል» እያለ መጣ። አራት ዓመቱ ነው። ሃይላንዱ እጁ ላይ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቷል።

እኛ ሰፈር ውሃ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። ስለዚህ በመጣች ቀን ባገኘነው ዕቃ ሁሉ እንሞላለን፣ ከሃያ ሊትር ጀሪካን እስከ ግማሽ ሊትር ኮዳ፣ ሁሉም ወጥ ቤት ጥግ ይደረደራል። በረኪናውንም እዚያው ጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መልኩ ትንሽ ብጫ ከማለቱ በቀር ከውሃ አይለይም፣ ልጁ ምን አጠፋ? አፉን አሸተትኩት፣ ምላሱን አስወጥቼ አየሁት፣ ልብሱን ገለበጥኩት። አልቀመሰውም። ባለቤቴ የዚያን ቀን ምን እንዳለችኝ እዚህ አይጻፍም።

በማግስቱ ባዶ እጄን እትዬ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው «ብዬህ ነበር» አላሉም፣ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባቸዋል። «ጠጥቶት ቢሆን ምን ልታደርግ ነበር?» አሉኝ። ጣቴን ጉሮሮው ከትቼ አስመልሰው ነበር ስላቸው የያዙትን ጆግ አስቀመጡት። «የኔ ልጅ፣ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥለዋል።» አፉን በውሃ ማጉመጥመጥ ነው፣ እንዲያስመልስ አለማስገደድ፣ ከዚያ ዕቃውን ራሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ። ዕቃው የሚያስፈልገው ሐኪሙ ምን እንደጠጣ እንዲያውቅ ነው። እኔ ሃይላንዱን ይዤ ብሄድ ኖሮ ላዩ ላይ የሚያነበው የማዕድን ውሃ ስም ነበር።

ከዚያ ወፍራም ነጭ ጀሪካን አወጡ። ቀዱ፣ ክዳኑን አጥብቀው ገለበጡት፣ እንደማያፈስ አዩ። እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠመጠሙበት። በማርከር «በረኪና» ብለው ጻፉ፣ ከሥሩ የዕለቱን ቀን። ለማያነበው ቀዩ ይበቃዋል አሉ። ለጀሪካኑ ማስያዣ ይቀበላሉ፣ ባዶውን ስትመልሱ ወይ ይመልሱላችኋል ወይ እንደገና ይቀዱበታል።

ቀኑ ለምን ያስፈልጋል? በረኪና በሙቀትና በብርሃን አቅሙን እያጣ ይሄዳል። የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው በረኪና እየቆየ ሽታ ያለው ውሃ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ ጀርም የገደላችሁ ይመስላችኋል። እሳቸው የሚሸጡትን ከጓዳ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያወጡት። ዱሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ የሚነጣበት ክፍል ሠርተዋል፣ ስለ በረኪና ሲያወሩ ስለ አስቸጋሪ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ሱፍና ሐር እንዳታስነኩት ብለው ያስጠነቅቃሉ፣ ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በረኪናውን ካስቀዳሁ በኋላ አሲድም ጨምሩልኝ አልኳቸው። «ለምንህ?» ለሽንት ቤት። «አብረህ ልትደፋው?» ዝም አልኩ። ምክንያቱም ለፋሲካ ልክ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

ሴራሚኩ ቡናማ ሆኖ አልለቅ ሲለኝ መጀመሪያ አሲድ ደፋሁበት፣ ውሃ እንኳ ሳላፈስበት በላዩ በረኪና ጨመርኩ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ያስለቅቁታል ብዬ። ልጁ እንዳይገባብኝ በሩን ዘግቼዋለሁ። ፉሽሽ አለ። ቁጢጥ ብዬ እየፈተግኩ ነበር፣ ድንገት ደረቴን የሆነ ነገር ጨመደደኝ፣ ዓይኔ አልገለጥ አለ፣ በሩን በዳበሳ ነው ያገኘሁት። ሌሊቱን ስስል አደርኩ። ጎረቤታችን ወተት ይዛ መጣች፣ ጠጣሁ፣ ጉንፋን ነው ተባልኩ። ጉንፋን አልነበረም።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ወታደር ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ የሚፈትግ ሰው አፍንጫ ያለበት ቦታ። ሎሚና አቼቶም አሲድ ናቸው፣ «ሽታውን ያጠፋል» ብላችሁ በረኪናው ላይ ሎሚ የምትጨምቁ ካላችሁ ተዉት። ሽንት የተጠራቀመበት ላይ በረኪና ሲደፋ ዓይን የሚያቃጥለውም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሠራል። መጀመሪያ ውሃ በደንብ ልቀቁበት። በር መስኮት ይከፈት። ከሸተታችሁ ደግሞ ጥሎ መውጣት ነው፣ ልጨርሰው የሚባል ነገር የለም። ወተቱን ለቡና አስቀምጡት፣ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር ነው፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሐኪም ቤት።

እትዬ ሁለቱን በአንድ ፌስታል አይሰጡም። አሲዱ ከበሩ በስተግራ፣ በረኪናው ከጓዳ። ሁለቱን የገዛ ሰው ሁለት እጁ ሞልቶ ነው የሚወጣው። የዚያን ቀን እኔንማ አሲዱን ከለከሉኝ፣ «የያዝከውን መጀመሪያ ጨርስ» ብለው።

ስለ ዕቃው ጥራት፦ በረኪናው ጠንካራ ነው፣ እንደቀዱት 5 በመቶ ያህል ነው ይላሉ። ያን ከሆነ ለወለልና ለጠረጴዛ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ። እኔ ድሮ በባልዲ ላይ በግምት ቸለስ ነበር የማደርገው። ደግሞ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና አቅሙ እዚያው ያልቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። አድርጋችሁት አሥር ደቂቃ ያህል እርጥብ እንደሆነ ተዉት፣ ወዲያው አትጥረጉት። የተበጠበጠው ለነገ አያድርም፣ በየቀኑ አዲስ ነው።

ላርጎው መካከለኛ ነው። የሎሚ ሽታ ያለው ትንሽ ይቀጥናል፣ ሌላውን ውሰዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ መቼ እንደሚከፍቱ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም፣ ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፣ መልስ የላቸውም። ሰው ሲበዛም ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ምን ልታደርግበት ነው የሚል ምርመራ አለ። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «እኔ በረኪና ልገዛ እንጂ ልናዘዝ አልመጣሁም» ስትል ሰምቻለሁ። እሷም ግን ሃይላንዷን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ለጀሪካኑ ማስያዣ ከፈለች።

የቀረችው አንዷ ኮከብ? ጓንቱ። ስስ ነው፣ በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቱ ላይ ተቀደደብኝ፣ በረኪናው ገብቶ ጣቴን ልጦታል። እትዬን ስነግራቸው «ርካሽ ካልሆነ አይገዙኝም» አሉ። ጓንት ከሌላ ቦታ ግዙ።