የአከርካሪ ናቪጌሽን፦ ከመሣሪያ ጠረጴዛው በኩል ሲታይ

እኔ ስክራብ ነርስ ነኝ፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለሐኪሙ መሣሪያ አቀብላለሁ። ሐኪሙ ስክሪኑን ሲያይ እኔ ኳሶቹን አያለሁ። በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ስክሩ (ብሎኑ) አጥንቱ ውስጥ የት እንደሚገባ ለሐኪሙ ስለሚያሳየው የናቪጌሽን ማሽን የምለውም ከዚያ ቦታ ሆኜ ያየሁትን ነው።

በሽተኛው በሆዱ ይተኛል። ጀርባው ከተከፈተ በኋላ ወደ ኋላ በሚወጣው የአከርካሪ ሹል አጥንት ላይ ትንሽ ፍሬም ይታሰራል። ፍሬሙ ብርሃን የሚመልሱ ኳሶች አሉት። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ እኛ ከክፍሉ እንወጣለን። ከዚህ በኋላ የኢንፍራሬድ ካሜራው ኳሶቹን እየተከተለ፣ የሐኪሙ መሣሪያ አጥንቱ ውስጥ የት እንደደረሰ ያሳያል።

በጣም የወደድኩት ስካኑ እዚያው መነሳቱን ነው። ቀደም ብሎ በጀርባ ተኝቶ የተነሳ ስካን፣ በሆድ ሲተኛ ካለው የአከርካሪ አቀማመጥ ጋር ልክ አይገጥምም። ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ መጣመም) ላይ ደግሞ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። መሐል ጀርባ ላይ ስክሩ የሚያልፍበት ፔዲክል የሚባለው ጠባብ የአከርካሪ አጥንት ክፍል እስከ 4 እና 5 ሚሊሜትር ድረስ ይቀጥናል። አጠገቡ ኅብለ ሰረሰር አለ። የስክሩን አገባብ ለመመዘን በሰፊው የሚሠራበት የጌርትዝቤይን እና ሮቢንስ መለኪያ ከአጥንቱ ፈጽሞ ላልወጣ ስክሩ «ኤ» ይሰጣል። ከ2 ሚሊሜትር በታች ከወጣ ግን «ቢ» ነው።

አንድ ቀን የረዳቱ ሐኪም ክንድ ፍሬሙን ገጨት አደረገው። ማንም ልብ አላለም። ስክሪኑ ላይ ያው ጥርት ያለ ምስል ነው። እኔ ግን አይቻለሁ። «ዶክተር፣ እስቲ አንዴ አጥንቱን ንኩልኝ» አልኩ። ፕሮቡ (ካሜራው የሚከተለው መንኪያ ዘንግ) አጥንት ላይ አርፏል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ጫፉ ከአጥንቱ በላይ 3 ሚሊሜትር ያህል አየር ላይ ተንሳፍፏል። ፍሬሙን የያዘውን ቆንጣጭ አጥብቀን ድጋሚ ስካን አነሳን። ሐኪሙ ምንም ሳይናገር ራሱን ነቀነቀልኝ።

ቅሬታዬም ይኸው ነው። ካሜራው የሚያየው ፍሬሙን እንጂ አጥንቱን አይደለም። ፍሬሙ ከአጥንቱ ላይ ቢንሸራተት አያውቅም፤ አያስጠነቅቅምም። ኳሱ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ብታርፍም ቦታውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሁሌም ኳሶቹን የምጠርግበት እርጥብ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) በእጄ ነው። ከፍሬሙ በራቅን ቁጥርም ስህተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ብዙ አከርካሪ ሲሠራ ፍሬሙን አዛውሮ እንደገና ስካን ማንሳት ያስፈልጋል። ጊዜ ይበላል፤ ጨረሩም ለበሽተኛው ይጨምራል። ቢሆንም አይዘለል እላለሁ።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ስክሩ በፊት «አጥንቱን ነክተህ አረጋግጥ» ብሎ ቢያስቆም አምስት እሰጠው ነበር። እስከዚያው ድሪሉን ከመስጠቴ በፊት መጀመሪያ ፕሮቡን አቀብላለሁ።