«ቤት ሳትለቁ እናድሳለን» የሚሏችሁን ጠንቀቅ በሉ

ትንንሽ ልጆች ኖሯችሁ ቤት ለማሳደስ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ። «መውጣት አያስፈልጋችሁም፣ እዚያው እየኖራችሁ ቶሎ ጨርሰንላችሁ እንሄዳለን» የሚል ባለሙያ ከመጣ ቀብድ ለመስጠት አትቸኩሉ።

እኛን የሳበን ዋጋው ነው። ከሌሎቹ በጣም ያንሳል። ከምን እንደተቀነሰ የታወቀው ሥራው ሲጀመር ነው፤ ላስቲክ የሚወጥር የለም፣ በር የሚሸፍን የለም፣ ማታ የሚያጸዳም የለም። የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ብናኙ ኮሪደሩን አልፎ ሕፃኗ አልጋ ላይ ደረሰ። ምነው ስንላቸው «አቧራ ነው እኮ፣ ይጠረጋል!» ቆይተው ደግሞ «ይሸፈን ካላችሁ ሒሳቡ ለብቻው ነው» አሉን። ውሉ ላይ ስለ አቧራ አንድም ቃል የለማ።

አቧራ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። የቆየ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እንኳ ከቤት ቀለም ያገደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከዋጡት ሊድ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅም። የሚድህ ልጅ ደግሞ ወለሉን የነካ እጁን ወዲያው አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

ሌላው ጉድ የመጸዳጃ ቤቱ ነው። ትልቁን ልጅ ከዳይፐር እያላቀቅነው ባለንበት ሰሞን መቀመጫውን ነቅለው ሌላ ሰው ቤት ሥራ ጀመሩ። ስልክ ይነሳል፣ «ነገ» ይባላል፣ ነገ ማንም አይመጣም። አብዛኛውን ብር አስቀድመው ወስደዋል፣ ምን ያስቸኩላቸዋል? ልጁ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ባዶውን ቀዳዳ አይቶ ይመለሳል። (ከእኛ ይልቅ እሱ ተስፋ አልቆረጠም።)

ስለዚህ ከዋጋ በፊት «ልጆቹ የት ይሆናሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትከሻውን ከነቀነቀ ሸኙት። የሚሠራበት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በወፍራም ላስቲክ እንደሚዘጋ፣ የድሮ ቀለም ሳይረጥብ እንደማይፋቅ፣ በየቀኑ ማን እንደሚያጸዳ፣ መጸዳጃ ቤቱ ተነቅሎ ስንት ቀን እንደሚቆይ ውሉ ላይ ይስፈር፤ የቃል ነገር አይያዝም። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፣ የመጨረሻው ደግሞ ቤቱ ተጸድቶ ካያችሁ በኋላ።

ሥራው ተጀምሮባችሁ ከሆነ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ ብናኙን ያስነሳዋል። ተራው የአቧራ መሳቢያ ማሽንም ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ከሌለው ደቃቁን መልሶ ይተፋዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ የልጆቹን እጅና መጫወቻ እጠቡ፣ ፍቂያው እስኪያልቅም ልጆቹን ዘመድ ጋ አሳድሯቸው። ቀለሙ የቆየ ከሆነና ከጠረጠራችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ሊድ መግባት አለመግባቱ በደም ምርመራ ይታያል።