የትንሽ ጀልባ ካቢን፦ መረብ ይሻላል፣ ሳጥን ወይስ የእንጨት ቁም ሳጥን?

ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚረዝም ባለሸራ ጀልባ ቆሞ ሲያዩት ካቢኑ፣ ማለትም ውስጥ ያለው ማደሪያ ክፍል፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ይመስላል። ጓዝ ሲገባበት ግን አንዱ ሹራብ ሊለብስ ሌላው ደጅ መውጣት አለበት። ስለዚህ ማስቀመጫ ልንገዛ ስንነሳ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብለን ነው። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እንደዛ ነበር። አሁን ሌላ ሁለት ጥያቄ አስቀድማለሁ። ጀልባው 20 ወይም 25 ዲግሪ ሲያጋድል ዕቃው ባለበት ይቆያል? በአንድ እጄ መደገፊያ ይዤ በሌላው ማውጣት እችላለሁ? ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በእነዚህ ነው።

መረብ

በዋጋም በክብደትም ቀላሉ መረብ ነው። ከጣሪያው ስር፣ በጀልባው ጎን ርዝመት፣ ሁለት ጫፉን ታስራላችሁ፤ አለቀ። የጀልባ ጎን እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይጎብጣል። መረብ ከጉብጠቱ ጋር ይስማማል። አየር ስለሚያስገባ ውስጡ ያለ ልብስ ቶሎ አይሻግትም። ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ችግሩ መወዛወዙ ነው። ማዕበል ካለ ሙሉ መረብ ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ያድራል። ውስጡ ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ካለ እንቅልፍ የለም። ስለዚህ መረብን ለፎጣ፣ ለሹራብና ለመኝታ ከረጢት ተዉት። ስትገዙ ቀዳዳውን እዩ፤ ጣት የሚያሳልፍ መረብ ካልሲም ያሳልፋል። ታችኛው ጠርዙ ላይ ተጨማሪ ማሰሪያ ያለው ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። መወዛወዙን በጣም ይቀንሰዋል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የጨርቅ ኪሶች ለመነጽር፣ ለእጅ ባትሪና ለስልክ ከመረብ ይሻላሉ። ፊታቸው ወንፊት የሆኑትን ምረጡ። ድፍን ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ ውስጡ ምን እንዳለም አይታይም።

ሳጥን

የፕላስቲክ ሳጥን ይታጠባል፣ ከባድ ነገር ይችላል፣ ወለል ላይ ውሃ ቢገባ ዕቃውን ያድናል። ትልቅ ሳጥን ግን አትግዙ። አንድ ምሽት ነፋሱ በድንገት በረታና ጀልባው በጎኑ ተኛ። አልጋ ላይ ያስቀመጥኩት 45 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተገለበጠ። ክዳኑ ዝም ብሎ የሚደፋ ነበር፣ መቆለፊያ አልነበረውም። ቆርቆሮዎቹ ወደ ታችኛው ጎን ተንከባለሉ። አቅጣጫ ስቀይር ደግሞ ሁሉም ተመልሰው መጡ። መሪውን ይዤ ውጭ ስለነበርኩ ከመስማት ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የመጨረሻውን ቆርቆሮ በማግስቱ ከወለሉ ስር አገኘሁት፤ ረጥቦ ወረቀቱ ተልጧል። ምን እንደሆነ ለማወቅ መክፈት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ክዳን ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ እጽፋለሁ።

የምመክረው ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ በሁለት ጎን በመንጠቆ የሚቆለፍ ሳጥን ነው። ሞልቶም በአንድ እጅ ይነሳል። ግን ልብ በሉ፦ አልጋ ስር ያለው ቦታ ሰፊ ቢሆንም መግቢያው ጠባብ ነው። ውስጡን ለክተው ገዝተው ሳጥኑ በአፉ አልገባ ያላቸው ብዙ ናቸው። መፍትሔው ካርቶን ነው። የሳጥኑን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ከካርቶን ሠርታችሁ በመግቢያው አስገቡት፣ ውስጥ አዙሩት፣ መልሳችሁ አውጡት። በዚያው ሌላ ነገርም ታያላችሁ። ሳጥኑ ባለ ማዕዘን ነው፣ የጀልባው ጎን ጎባጣ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጀርባ ክፍተት ይቀራል። እዚያ መለዋወጫ ገመድ ወይም የተጠቀለለ ልብስ መጠቅጠቅ ነው።

ለልብስ ከሆነ ከሳጥን ይልቅ ውሃ የማያስገባ ለስላሳ ቦርሳ ይሻላል። ግትር ሻንጣ ግን ባዶውን እንኳ የሙሉውን ያህል ቦታ ይይዛል። እንግዳ ስትጋብዙ ቀድማችሁ ንገሩ።

የእንጨት ቁም ሳጥን

ቦታ በመጠቀም ደረጃ የሚወዳደረው የለም። ጥሩ አናጺ የጎኑን ጉብጠት ተከትሎ ሲሠራው አንድ ጣት ቦታ አይባክንም። መሳቢያዎቹ ትንሽ ከፍ ሳይደረጉ እንዳይወጡ ሆነው ከተሠሩ ጀልባው ቢያጋድልም በራሳቸው አይከፈቱም። ለማውጣትም አንድ እጅ ይበቃል።

ግን ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ አንዴ ከተሠራ ደግሞ ሐሳብ መቀየር የለም። ዝግ ስለሆነም እርጥበት ያምቃል። በሩ ላይ የአየር ቀዳዳ ይኑረው፤ ጀርባው ከጀልባው ጎን ጋር አይጣበቅ። አናጺው ብሎን ሲመታም አጠገቡ ሁኑ። የብዙ ጀልባዎች ጣሪያና አንዳንድ ጊዜም ጎናቸው ሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ ሲሆን መሃሉ ቀላል እንጨት ወይም ፎም ነው። ያልታሸገ የብሎን ቀዳዳ በጊዜ ብዛት ውሃ ያስገባል፣ መሃሉም ይበሰብሳል። ቁም ሳጥኑ ካቢኑን ከውስጥ ከሚከፍለው የእንጨት ግድግዳ ጋር ቢታሰር ይመረጣል።

የት ምን እንደሚቀመጥ

ማስቀመጫውን ስትመርጡ የምትጭኑበትን ነገር ክብደት አስቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ውሃ፣ ቆርቆሮና መሣሪያ ዝቅ ብለው ወደ ጀልባው መሃል ይሁኑ። ክብደት ፊትና ኋላ ጫፍ ላይ ሲከማች ጀልባው ማዕበል ላይ አፍንጫውን እየደፋና እያነሳ ያስቸግራል። ብረት መሣሪያና ስፒከር ከኮምፓስ ይራቁ፤ ንባቡን ያዛባሉ።

የጋዝ ሲሊንደር ግን አልጋ ስር ባዶ ቦታ ስላለ ብቻ በፍጹም እዚያ አይገባም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወለል ስር ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ቦታው ከካቢኑ ተለይቶ የታሸገ፣ ታችኛው ቀዳዳው ወደ ውጭ የሚከፈት ሳጥን ነው።

ጠረጴዛና ፍሪጅ

ጠረጴዛ ላይ ምርጫው ሁለት ነው። በአንድ እግር ቆሞ ዝቅ ሲል አልጋ የሚሆነው፣ ወይም ከግድግዳው ጋር የሚታጠፈው። የመጀመሪያው ለሁለት ሰው ሰፊ አልጋ ይሰጣል፤ ግን ማታ ማታ ሁሉንም አንስቶ ማንጠፍ፣ ጠዋት መልሶ ማንሳት አለ። እኔ ታጣፊውን እመርጣለሁ። ሲታጠፍ መተላለፊያው ይከፈታል። ጀልባው ሲናጥ ግን አትደገፉበት፤ ማጠፊያው የሰው ክብደት አይችልም።

ፍሪጅ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። በ12 ቮልት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ኮምፕሬሰር (የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዓይነት ሞተር) የሌለው ርካሹ ማቀዝቀዝ የሚችለው ከአካባቢው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎ ነው። ካቢኑ 35 ዲግሪ ከሆነ ውስጡ 15 ነው። ያውም ያለ ዕረፍት እየሠራ ባትሪ ይጨርሳል። ኮምፕሬሰር ያለው በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ሲበርድም ያርፋል። አቅም ካልፈቀደ ርካሹን ፍሪጅ ዝለሉትና በረዶ የሚጨመርበት ወፍራም ሳጥን ግዙ። በረዶው ቦታ ቢወስድም ባትሪ አይነካም። የትኛውንም ብትገዙ ከላይ የሚከፈት ይሁን። ከጎን የሚከፈት በር ጀልባው ሲያጋድል ዕቃውን እግራችሁ ላይ ያራግፈዋል።

ለውሃ ለስላሳው ታንክ ከፊት አልጋ ስር ያለውን ጠባብ ቦታ ይሞላል፤ ሹል ነገር ግን ይፍቀዋል። ባለ10 ሊትር ጀሪካን ይበቃኛል፤ ተሸክሜ የብስ ወርጄ እሞላዋለሁ።

ገና ለምትጀምሩ፦ ሁለት መረብና አራት ትንንሽ ሳጥን ገዝታችሁ አንድ ወቅት ሙሉ ተጠቀሙባቸው። የትኛውን ዕቃ በቀን አሥር ጊዜ እንደምታነሱ፣ የትኛውን አንድም ቀን እንዳልነካችሁት ያኔ ይታወቃል። አናጺ የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።